ሕመም በወረቀት ላይ ሲሰፍር፦ በደሴ ከተማ የማስታገሻ ሕክምናን ያስተማሩ አንዲት ነርስ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚያተኩረው በደሴ ከተማ ለረጅም ዓመታት ነርሶችን ሲያስተምሩ በኖሩ አንዲት መምህርት የሥራ ዘመን ውስጥ በተከሰተ አንድ ጉዳይ ላይ ነው። በከተማዋ ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በመድኃኒት ክምችት ክፍሉ ውስጥ ጽኑ ሕመምን የሚያስታግሰው በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ተቆልፎ ተቀምጦ ሳለ፣ በዚያው ግቢ የተኛች የማኅፀን በር ካንሰር ታካሚ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ታነጋ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለና በምን መንገድ እንደተለወጠ መመርመር የጽሑፉ ዓላማ ነው። መምህርቷን ሲስተር እያልሁ እጠራቸዋለሁ፤ ተማሪዎቻቸውም ሆኑ ሰፈርተኛው የሚጠሯቸው እንዲሁ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቀስሁም፤ ታካሚዋን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችም ተለውጠዋል። እኔም በነርስነት ትምህርት ላይ የምሠራ በመሆኔ ሲስተርን የማውቃቸው በባልደረባነት ነው፤ ለሥራቸው ያለኝ አክብሮት ከጽሑፉ ውስጥ ቢነበብ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

የማስታገሻ ሕክምና በአካባቢያችን ለምን ተጓተተ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የመድኃኒት እጥረት ነው። መልሱ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ከዚህ ጉዳይ የተረዳሁት፣ ሕመምን የመጠየቅና የመመዝገብ ልማድ በሌለበት ቦታ መድኃኒቱ ቢመጣ እንኳ ታካሚው ዘንድ እንደማይደርስ፣ የሲስተር የቅስቀሳ ድምፅ ሰሚ ያገኘውም አስቀድሞ ይህን ልማድ በተማሪዎቻቸው እጅ ስለተከሉት መሆኑን ነው።

የሙያው መነሻና የሲስተር መንገድ

ፓሊየቲቭ ኬር እየተባለ የሚጠራው የማስታገሻ ሕክምና፣ ሕይወትን በሚያሰጋ በሽታ የተያዙ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ከስቃይ ለመጠበቅ፣ አካላዊውን ሕመም ብቻ ሳይሆን የልቦና፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ችግሮችን ጭምር ቀድሞ እየለየ የሚረዳ የሕክምና ዘርፍ ነው። በሽታው መኖሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ከፈውስ ሕክምናው ጎን ለጎን ሊሰጥ ይገባል እንጂ፣ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ የሚጀመር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ እንክብካቤ እንደሚያስፈልጋቸውና ከእነዚህ ውስጥ የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገልጻል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሪፖርት ደግሞ፣ በዓለም ዙሪያ በዓመት ከሚሠራጨው በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ሜትሪክ ቶን ከሚሆን ኦፒዮይድ፣ ማለትም ሞርፊንና የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት፣ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ሲስተር ይህን ቁጥር በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ በጥቁር ሰሌዳ ይጽፉታል፤ ተማሪዎቹ እስኪያነቡትና እርስ በርስ እስኪተያዩ ድረስም ምንም አይናገሩም።

የሙያው ታሪክ ራሱ ለነርሶች ቅርብ ነው። ሆስፒስ የሚባለው፣ በጽኑ በሽታ የተያዙ ሰዎችን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ የመንከባከብ ዘመናዊ እንቅስቃሴ ቀዳሚ የሆኑት ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን መሠረቱ። የአንድ ሰው ሕመም ከሥጋው፣ ከጭንቀቱ፣ ከቤተሰቡ ጉዳይና ከእምነቱ የተሸመነ አንድ ሙሉ ሕመም ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው። በአፍሪካም ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በኡጋንዳ ሆስፒስ አፍሪካን አቋቁመው በርካሽ ዋጋ የሚዘጋጅ የሚጠጣ ሞርፊንን አስፋፍተዋል፤ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 በዘርፉ ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቅዳለች። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው በነርስ አነሳሽነት ሲሆን፣ የጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል።

ሲስተር ወደዚህ ዘርፍ የገቡት ግን በመጽሐፍ አይደለም። በወጣትነታቸው ደሴ ላይ የመኝታ ክፍል ነርስ ሆነው ሲሠሩ የኤችአይቪ ወረርሽኝ የበረታበት፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ያልጀመረበት ዘመን ነበር። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ በርካታ ወጣቶች ከሆስፒታል እየተሰናበቱ በቤታቸው ያልቁ ነበር። ሲስተር ከሥራ ሰዓት ውጭ ከዕድር አባላትና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ቁስል ያጥቡ፣ አፍ ያጸዱ፣ የተኛውን ያገላብጡ ነበር። በዚያን ጊዜ በእጃቸው ከፓራሲታሞል የጠነከረ ማስታገሻ አልነበረም። ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ የሚያነሡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚሞትን ሰው ከሞት ማዳን ባይቻልም ሕመሙን ግን ማዳን ይቻል ነበር፤ አለመቻላችንም ካለመማራችን የመጣ ነበር ይላሉ። ወደ መምህርነት የተዛወሩትም ከዚህ በኋላ ነው።

አምስተኛው ዓምድ

የመጀመሪያው ሥራቸው ትንሽ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም ይበልጣል። በመኝታ ክፍሎች የሚሠራበት የክትትል ወረቀት ላይ ለሙቀት፣ ለልብ ምት፣ ለአተነፋፈስና ለደም ግፊት ቦታ ነበረ፤ ለሕመም ግን አልነበረም። ሲስተር ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎቻቸው እያንዳንዳቸው ማስመሪያ ይዘው እንዲመጡና በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አምስተኛ ዓምድ እንዲያሰምሩ አዘዙ። የሕመም መጠን በታካሚው እጅ ይለካል፦ የተጨበጠ እጅ ምንም ሕመም የለም ማለት ሲሆን፣ አምስቱም ጣቶች ሲዘረጉ ከዚህ የከፋ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። ይህ አለካክ በአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር የተዘጋጀው መመዘኛ የሚጠቀምበት ነው፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ከቁጥር መስመር ይልቅ ይቀላል።

ዓምዱን ማስመር ቀላል ነበር። በትክክል መሙላቱ ግን ከባድ ሆነ። ምክንያቱም የወሎ ሰው ደኅና ነሽ ወይ፣ ያምሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። አንዷ አልሐምዱሊላህ ትላለች፤ ሌላው እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ምስጋናው የእምነትና የጨዋነት መግለጫ እንጂ ስለ ሕመሙ የተሰጠ መልስ አይደለም። ነርሷ ግን ቅሬታ የላትም ብላ ጽፋ ታልፋለች። በዚያ ላይ ቻይነት የሚከበርበት አገር ነው፤ ጮኾ የሚያስቸግር ታካሚ መርፌ ሲወጋ፣ ጥርሷን ነክሳ የምትተኛዋ ምንም ሳታገኝ ታድራለች። በሐኪሙ ትእዛዝ ላይ እንደ አስፈላጊነቱ ይሰጥ ተብሎ የሚጻፈው ማስታገሻ በተግባር ለጮኸ ሰው ይሰጥ ወደሚል ትርጉም ተለውጦ ነበር።

ስለዚህ ሲስተር ተማሪዎቻቸውን በሌላ መንገድ እንዲጠይቁ አስተማሩ። ምስጋናውን አብሮ መቀበል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ቀጥሎም ያምሻል ወይ ሳይሆን፣ ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃሽ፣ በየትኛው ጎን መተኛት አቃተሽ፣ ሕመሙ ምን እንዳትሠሪ ከለከለሽ ብሎ መጠየቅ። በፈተና ጊዜም ተማሪው የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ አንድ ባልደረባቸው ታካሚ ሆኖ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ተማሪው ምስጋናውን ሰምቶ ከሄደ ይወድቃል፣ ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ጥያቄ ከጠየቀ ያልፋል። ይህን ፈተና ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ከብዙ ገጽ ንግግር ይልቅ ያ ሁለተኛ ጥያቄ የተማሪን አእምሮ ይለውጣል።

ታካሚዋ

ጉዳዩን ያስነሣችው ታካሚ ከደቡብ ወሎ ገጠር ወረዳ የመጣች፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ የምትገኝ እናት ነበረች። የማኅፀን በር ካንሰሩ በጣም ከተስፋፋ በኋላ ነበር የታወቀው። ይህ በአገራችን የተለመደ ነው፤ የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶቻችንን በብዛት የሚያጠቃ ካንሰር ሲሆን፣ ቅድመ ምርመራ ሳያደርጉ ደም መፍሰስና ሽታ ከጀመረ በኋላ የሚመጡት ብዙዎች ናቸው። ይህን ካንሰር የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በአገሪቱ ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ለዚህች እናት ትውልድ አልደረሰም። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበርና ወረፋውም ረጅም ስለነበር፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ወረፋ መጠበቅ ለቤተሰቡ የሚቻል አልሆነም። ከእርሷ ጋር የመጡት ታላቅ ወንድሟና ገና ያልተዳረች ልጇ ነበሩ።

የታዘዘላት ከሞርፊን ደከም ያሉ ማስታገሻዎች፣ የዳይክሎፌናክ መርፌና እንደ አስፈላጊነቱ የሚሰጥ ትራማዶል ነበር። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረች አንዲት ልጅ አምስተኛውን ዓምድ ስትሞላ በተከታታይ የተጻፈው አራት፣ አምስት፣ አምስት፣ አራት ነበር። ከጎኑ ታካሚዋ በሌሊት ቁጭ ብላ እንደምታድር፣ ከቁስሉ ሽታ የተነሣም ልጇ እንኳ እንዳትጠጋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትተኛ ጻፈች። ተማሪዋ ወረቀቱን ለሲስተር ስታሳይ እንባዋ ይፈስ ነበር። ሲስተር አላባበሏትም፤ ወረቀቱን ይዛ ከዋናው የጽሑፍ መዝገብ ጋር እንድታያይዘውና በማግስቱ የሐኪሞች የጠዋት ጉብኝት ላይ ራሷ እንድታነብበው አደረጉ።

በጉብኝቱ ላይ ወጣቱ ሐኪም የተናገረው ቃል ለጉዳዩ ቁልፍ ነው። ሞርፊን መስጠት እንደሚያስፈልግ እንደሚያውቅ፣ ነገር ግን ሆስፒታሉ ውስጥ እንደሌለ ተናገረ። ሲስተር ከጉብኝቱ በኋላ ወደ ፋርማሲ ሄደው ሲጠይቁ የክምችት ኃላፊው የሰጣቸው መልስ ተቃራኒ ሆነ፦ የሚጠጣው ሞርፊን አለ፣ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ተቃርቧል፣ የሚያዝ ሐኪም ግን ስለሌለ ሌላ ለመጠየቅ አልደፈርንም። ሐኪሙ የለም ብሎ ስለማያዝ ፋርማሲው አያቀርብም፤ ፋርማሲው ስለማያቀርብ ሐኪሙ የለም ይላል። አንዱም ክፉ ሰው አልነበረም፣ አንዱም አልዋሸም። በሁለቱ መካከል ግን የታካሚዋን ሌሊት የሚያውቅ ሰነድ አልነበረም፤ ከዚያ የተማሪዋ ወረቀት በቀር።

ለሞርፊንና መሰል ጥብቅ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች የሚያገለግለው ልዩ የናርኮቲክ ማዘዣ ወረቀትም ሌላ እንቅፋት ነበር። ጥራዙ በአንድ ኃላፊ እጅ ተቆልፎ ስለሚቀመጥና ኃላፊው በሌለበት ቀን ስለማይገኝ፣ ሐኪሞቹ እርሱን ከመፈለግ ትራማዶልን መጻፍ ይቀላቸው ነበር። ቁጥጥሩ በራሱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ግን መድኃኒቶቹ አላግባብ እንዳይባክኑ ብቻ ሳይሆን ለሕመም ማስታገሻ የማይተኩ በመሆናቸው ለሕክምና እንዲቀርቡም ያዛል። የስምምነቱ የመጀመሪያው ግማሽ በቁልፉ ይከበር ነበር፤ ሁለተኛውን ግማሽ የሚያስታውስ ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ቀን የኩላሊት ምርመራዋ ታየ፤ የማኅፀን በር ካንሰር የሽንት ቱቦን ተጭኖ ኩላሊትን ሊያደክም ስለሚችል፣ የደከመ ኩላሊት ደግሞ የሞርፊንን ዝቃጭ ማስወጣት ስለሚያቅተው ይህ ሳይታይ አይጀመርም። ውጤቱ የሚፈቅድ ሆኖ ስለተገኘ በየአራት ሰዓቱ 5 ሚሊ ግራም የሚጠጣ ሞርፊን ተጀመረላት፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ከመኝታ በፊት ምሽት 4 ሰዓት ላይ ደግሞ እንቅልፏ እንዳይቋረጥ እጥፍ። ዳይክሎፌናኩና ትራማዶሉ ቆሙ። ሞርፊን ሆድ ማድረቁ በጊዜ ብዛት የማይለቅ ጉዳት በመሆኑ የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ አብሮ ታዘዘ። ለሽታው ባክቴሪያን የሚገድለው የሜትሮኒዳዞል ክኒን ተደቁሶ በቁስሉ ላይ ተነሰነሰ። ተማሪዎቹን ከሁሉ ያስገረማቸው ይህኛው ነበር፤ በየፋርማሲው የሚገኝ ርካሽ ክኒን በጥቂት ቀናት ውስጥ ልጇን ወደ እናቷ አልጋ መለሳት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ታካሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ተኛች። ወንድሟ ደነገጠ፣ ከነርሶቹም አንዳንዶቹ መድኃኒቱ ሊገድላት ነው ብለው መጠኑን ለመዝለል ፈለጉ። ሲስተር ተማሪዎቹን በአልጋዋ ዙሪያ ሰብስበው አተነፋፈሷን እንዲቆጥሩ፣ ስትጠራ መንቃቷን እንዲያረጋግጡ አደረጉ፤ ለሳምንታት ያልተኛ ሰው ሕመሙ ሲለቀው እንደሚተኛም አስረዱ። በሦስተኛው ቀን ነቅታ ገንፎ በላች። በአምስተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት ሆነ። በሞርፊን ላይ ያለው ፍርሃት፣ ማለትም ሱስ ያስይዛል፣ ሞትን ያፋጥናል፣ ለመጨረሻዋ ሰዓት ብቻ ይቀመጥ የሚለው፣ በንግግር እንደማይወገድ ሲስተር ደጋግመው ይናገራሉ። በትንሽ መጠን ተጀምሮ በሕመሙ ልክ የሚጨምር ሞርፊን ለካንሰር ታካሚ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ያየ ተማሪ ግን ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

የመናገር ጉዳይ

ሕመሙ ከተገታ በኋላ ሌላው ሕመም ብቅ አለ። ወንድሟ ሲስተርን ወደ ኮሪደር ጠርቶ፣ «ሲስተር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ በሽታዋን እንዳይነግሯት፤ ከሰማች ያኔውኑ ታልቃለች» አላቸው። ሲስተር አልተከራከሩትም። «ወንድሜ፣ አልነግራትም፤ እርሷ ራሷ ብትጠይቀኝስ ምን ልበላት?» ሲሉ መለሱለት። ዝም አለ።

በውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ መጥፎ ዜና የሚነገርበት ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ተዘርዝሯል፤ ሐኪሙና ታካሚው ለብቻቸው ተቀምጠው የሚያደርጉት ንግግር ተደርጎም ይታሰባል። ሲስተር ይህን ያስተምራሉ፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ተማሪዎቻቸውን መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚረዳ ይጠይቋቸዋል። ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ይሄዳል እንጂ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ቅርብ ዘመድና የሚከበር ሽማግሌ ይኖራል፤ የሚረዳው ሰው ብቻውን እንዳይሆን አስቀድሞ ይታሰብለታል። ይህ ሥርዓት ሰውን ለከባድ ቃል የማዘጋጀት ጥበብ ነውና፣ ነርሶቻችን ከባዶ እንደማይነሡ ሲስተር በዚህ ያሳያሉ። በዚህ አቀራረብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ያደጉበትን ሥርዓት ትተው የተሸመደደ ቃል ብቻ ይዘው ወደ አልጋ የሚቀርቡ ነርሶች ሲደነግጡ በተደጋጋሚ አይቻለሁና።

ታካሚዋ ጠየቀች። የጠየቀችውም ከወንድሟና ከልጇ ፊት፣ ሲስተር ቁስሏን እያጠቡ ሳለ ነበር። እንደማልድን አውቄዋለሁ አለች፤ የጨነቃት መሞቱ ሳይሆን የሰው ሐቅ ይዛ መሄዷ ነበር። ከጎረቤት የተበደረችው ገንዘብ፣ ከባሏ ወንድም ጋር የቀረ የመሬት ክርክር፣ ልጇንም ለማን አደራ እንደምትሰጥ አለመወሰኗ ሌሊት ከሕመሙ እኩል ያስነቃት ነበር። ለሳምንታት ይህን ለመናገር ፈልጋ፣ ቤተሰቧ ትድኛለሽ እያለ ሲያጽናናት ቃሏን ትውጥ ነበር። እርሷን ከማስደንገጥ ለመጠበቅ የተደበቀው ነገር ኑዛዜዋን ከለከላት ማለት ነው። ወንድሟ በማግስቱ ከአገር ቤት ሁለት ሽማግሌዎችንና አንድ ሼህ ይዞ መጣ። ዱዓ ተደረገ፣ ዕዳው ተቆጠረ፣ ክርክሩ በዕርቅ ተቋጨ። በአጠገቧ የተኛችው ክርስቲያን እናትም አሜን ትል ነበር፤ ይህ በወሎ ሆስፒታል የመኝታ ክፍል ውስጥ የዘወትር ነገር ነው።

ከዚህ የተነሣ በሲስተር ትምህርት ውስጥ መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚባለው ርእስ ከሃይማኖት አባት ስልክ ቁጥር ማስቀመጥ ያለፈ ነገር ሆነ። ተማሪው የሰው ሐቅ፣ ንስሐ፣ ዕርቅ፣ አደራ የሚሉት ነገሮች ለታካሚው ምን ያህል እንደሚከብዱ ይጠይቃል። በረመዳን ወር ታማሚ ከጾም ነፃ መሆኑን እያወቀ መጾም የሚፈልግ ሰው ሲኖር ከሼሁ ጋር አብሮ ይነጋገራል፤ ጸበል የሚሄድ ታካሚ ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲሄድ ከቄሱ ጋር ይስማማል።

ከወረቀቱ ወደ ውሳኔው

ታካሚዋ ሞርፊኗን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ልጇ በየሰዓቱ መለካትና መስጠት ተምራ፣ ሰዓቱን በወንድሟ ስልክ የማንቂያ ደወል ሞልታ ነበር። ከሳምንታት በኋላ በቤቷ አረፈች።

ሲስተር የተማሪዎቹን የክትትል ወረቀቶች ስም እየሸፈኑ ሰበሰቧቸው። ከዚያም ለሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ሲቀርቡ ስለ ርኅራኄ አልተናገሩም። በአንድ በኩል የሕመም መጠናቸው አራትና አምስት የነበሩ ታካሚዎችን ወረቀት፣ በሌላ በኩል በዚያው ጊዜ ከክምችት ክፍሉ የወጣውን የሞርፊን መጠን የሚያሳየውን የመዝገብ ገጽ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ኮሚቴው ሦስት ነገሮችን ወሰነ፦ አምስተኛው ዓምድ በታተመው የክትትል ወረቀት ላይ እንዲገባ፣ የናርኮቲክ ማዘዣው ጥራዝ በተረኛ ሐኪም እጅ ሌሊትም እንዲገኝ፣ ፋርማሲውም የሞርፊን ጥያቄውን ካለፈው ወጪ ብቻ ሳይሆን ከካንሰር ታካሚዎች ቁጥር ተነሥቶ እንዲያሰላ። የመጨረሻው ውሳኔ ከሁሉም የበለጠ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ባለፈው ወጪ የሚሰላ ጥያቄ ምንም ያልወጣበትን ዓመት ደግሞ ደጋግሞ ያትመዋልና።

ከሆስፒታሉ ውጭ ያደረጉት ሙከራ የተዘበራረቀ ውጤት ነበረው። ዕድሮች ከሞት በኋላ ድንኳን ይተክላሉ፣ ንፍሮ ያቀርባሉ፣ ያስተዛዝናሉ፤ ሲስተር ለአንድ የሰፈራቸው ዕድር ስብሰባ ያቀረቡት ሐሳብ፣ አባል በጠና ሲታመም አባላት በተራ አንድ አንድ ሌሊት እየተቀመጡ አስታማሚውን እንዲያሳርፉ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ወዲያው ተቀበሉት፤ በኤችአይቪው ዘመን ይህንኑ ያደርጉ እንደነበረ አስታወሱ። ሌላ ዕድር ግን በሕይወት ላለ ሰው ዕድር መድረስ ሟርት ነው በሚል አልተቀበለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ለማሠልጠን የነበረውም ዕቅድ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ጦርነቱ መጣ።

በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት እጅ ከእጅ በተለዋወጡበት ወቅት የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ብዙ ሰውም ተፈናቀለ። የቆሰሉት ይታዩ ነበር፤ በየቤቱ በካንሰርና በሌላ ጽኑ በሽታ የተኙት ግን መድኃኒታቸው ሲቋረጥ ማንም አልቆጠራቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የማስታገሻ ሕክምና በአደጋ ጊዜ ምላሽ ውስጥ እንዲካተት ያሳስባል፤ ሲስተር ከዚያ ወቅት በኋላ ይህን መመሪያ የኮርሳቸው አንድ ምዕራፍ አድርገውታል። አገልግሎቱ ሲመለስ አምስተኛው ዓምድ የታተመበት ወረቀት ከሌሎች ሰነዶች ጋር ጠፍቶ ስለነበር፣ ተማሪዎች እንደገና ማስመሪያ ይዘው ወጡ።

የጉዳዩ ገደቦች

ይህን ሥራ ሳወድስ ድካሙንም ማሳየት አለብኝ። አንደኛ፣ ለውጡ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር፤ ሲስተር በሌሉባቸው ወራት ዓምዱ ባዶውን የቀረባቸው ክፍሎች እንደነበሩ ወረቀቶቹ ራሳቸው ያሳያሉ። መሙላቱ የተማሪ ሥራ ተደርጎ ስለታየ ተማሪ በማይወጣበት ጊዜ ቋሚዎቹ ነርሶች አልተረከቡትም፤ ይህ ከመጀመሪያው ቋሚ ነርሶችን በሥልጠናው ውስጥ ማስገባት እንደሚገባ ያመለክታል። ሁለተኛ፣ ሞርፊኑ ከማዕከል ሲቋረጥ ሆስፒታሉ በራሱ ሊያደርገው የሚችለው የለም። ሦስተኛው ጉዳይ የሕግ ነው። ከጤና ጣቢያ ርቃ የምትኖር ታካሚ በሌሊት ሕመሟ ሲነሣ መጠኑን የሚጨምርላት ሐኪም በአካባቢዋ አይገኝም፤ ነርስ ግን ልትገኝ ትችላለች። የኡጋንዳ ልምድ እንደሚያሳየው በዘርፉ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊንን በጥንቃቄ ሊያዝዙ ይችላሉ፤ በእኛም አገር ይህ ጥያቄ በግልጽ ሊነሣ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሥልጠናው፣ ቁጥጥሩና ተጠያቂነቱ አብረው እስከተወሰኑ ድረስ።

ሲስተር አሁን ኮርሱን ለሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እያስረከቡ ነው። አንዷ ያቺ ወረቀቱን በጉብኝት ላይ ያነበበችው ልጅ ናት፤ አሁን ራሷ ታስተምራለች። በዚህ ዓመት የጀመሩት ሥራ የቋሚ ነርሶች የርክክብ መዝገብ ላይ የሕመም መጠን ከሌሊት ተረኛ ወደ ቀን ተረኛ በቃልም በጽሑፍም እንዲተላለፍ ማድረግ ሲሆን፣ ሙከራው በሁለት የመኝታ ክፍሎች ተጀምሯል፤ ውጤቱም በዓመቱ መጨረሻ ለዚያው ኮሚቴ ይቀርባል።